በድሬዳዋ የኮምፒውተር ባክአፕ አያያዝና ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ፋይል የማስመለስ ሥራ

ባክአፕ ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ያለን ፋይል በሌላ ዕቃ ላይ ደግሞ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ሪስቶር ደግሞ ያንኑ ወደ ሥራ መመለስ ነው። በድሬዳዋ ለዚህ የሚመረጠው ዕቃ በዩኤስቢ የሚሰካው ባለ 1 ወይም ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ፎቶ ቤቶች፣ የጉምሩክ ሰነድ የሚያዘጋጁ ትራንዚተሮች፣ ሒሳባቸውን በፒችትሪ የሚይዙ ነጋዴዎች፣ የተማሪ ውጤት የሚመዘግቡ ትምህርት ቤቶች ይገለገሉበታል። ኮፒ ማድረጉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚዘነጋው ኮፒ የተደረገው ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ በትክክል መከፈቱን ማየት ነው፤ “ባክአፕ አለን” እየተባለ ባዶ እጅ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ብዙ የኤክስተርናል ዲስክ አምራቾች ደግሞ ዲስኩ ሲሠራ የአካባቢው ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራሉ። ስለዚህ ረጅም ኮፒ በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ቢሠራ ይመረጣል። ዲስኩ ጨርቅ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር ወይም ላፕቶፑ ትኩስ አየር በሚተፋበት ጎን መቀመጥ የለበትም። ጊዜውንም አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል፦ 500 ጊጋባይት በዩኤስቢ 2.0 አራት ሰዓት ተኩል ያህል ሲፈጅ፣ በዩኤስቢ 3.0 ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

ሁለተኛው ችግር መብራት ነው። ኮፒው መሃል ላይ መብራት ሲሄድ የሚደርሰው ጉዳት ዲስኩ ፎርማት በተደረገበት ዓይነት (በፋይል አያያዝ ሥርዓቱ) ይወሰናል። ኤንቲኤፍኤስ የጀመረውን ለውጥ በመዝገብ ስለሚይዝ ራሱን ለማስተካከል ይችላል፤ ኤክስፋት ግን ይህ መዝገብ የለውም፣ ፋት32 ደግሞ በተጨማሪ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ዊንዶውስ ብቻ ለሚጠቀም ቢሮ ኤንቲኤፍኤስ የተሻለ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከሌለው ኮፒውን ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ቢያደርገው ይሻላል።

ሌላው ዲስክን “የሚያበላሸው” ነገር ኬብልና የኃይል ማነስ ነው። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ 500፣ የ3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ በሃብ (አንዱን ቀዳዳ ለብዙ በሚያካፍል ዕቃ) ወይም በረጅም ኬብል በኩል ሲመጣ ይህም ይቀንሳል። ኃይል ሲያንሰው ዲስኩ ለመዞር ይሞክርና ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ባለቤቱ ዲስኩ ሞቷል ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ ማንኛውም ምርመራ አጭር ኬብል በመቀየርና ከዴስክቶፑ በስተጀርባ ባለው ቀዳዳ በመሰካት መጀመር አለበት። ከዚህም በኋላ ቀጭ ቀጭ ማለቱ ካልቆመ ችግሩ ከማንበቢያው ጭንቅላት ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ይነቀል። እንዲህ ያለውን ዲስክ አቧራ ባለበት ክፍል መክፈት የቀረውን ዕድል ያጠፋል።

ባክአፑ ራሱ በብዙ መንገድ ይወሰዳል። የዊንዶውስ ፋይል ሂስትሪ የአንድን ፋይል የተለያዩ ቅጂዎች ስለሚያቆይ ለቢሮ ሰነድ ተስማሚ ነው። ፕሮግራሙ እምቢ ቢል እንኳ ዲስኩ ላይ ያለውን የፋይል ሂስትሪ ፎልደር ከፍቶ በተጠቃሚው ስም፣ ከዚያ በኮምፒውተሩ ስም፣ ከዚያ ዳታ በሚለው በኩል ገብቶ ፋይሉን በእጅ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። በፋይሉ ስም ላይ የሚታየው ሰዓት የዓለም አቀፉ ስለሆነ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው። ሙሉውን ዊንዶውስ የሚይዘው የሲስተም ኢሜጅ ደግሞ ዊንዶውስ ኢሜጅ ባክአፕ በሚባል ፎልደር ይቀመጣል፤ ፎልደሩ ስሙ ከተለወጠ ወይም ሌላ ፎልደር ውስጥ ከገባ ሪስቶር ሲደረግ አይገኝም።

ሚረር የሚባለውን የኮፒ ዓይነት በጥንቃቄ መያዝ ያሻል። በሮቦኮፒም ሆነ በሌላ ፕሮግራም ሚረር ሲደረግ፣ ከኮምፒውተሩ የተሰረዘ ሁሉ ከኤክስተርናሉም ይሰረዛል። ጠዋት በስህተት የጠፋ ፎልደር ማታ ባክአፑም ላይ ይጠፋል ማለት ነው። የፎልደር ስያሜም እንዲሁ ያሳስታል፦ ኮምፒውተሩ በፈረንጆቹ ይቆጥራል፣ ሠራተኛው ፎልደሩን “2016” ብሎ በእኛ ይሰይማል፣ ከዓመት በኋላ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ከቁጥሩ ጎን “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” ብሎ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ፒችትሪ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የሒሳቡን ፎልደር ዝም ብሎ ኮፒ ከማድረግ ይልቅ፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች ከድርጅቱ ፋይል ከወጡ በኋላ በፕሮግራሙ የባክአፕ ትእዛዝ መውሰድ ይሻላል። የሚገኘው ፋይል በተወሰደበት ወይም ከዚያ በኋላ በወጣ የፒችትሪ ቨርዥን እንጂ በቀደመው አይመለስም፤ ስለዚህ የቨርዥኑ ቁጥር በፋይሉ ስም ላይ ቢጻፍ መልካም ነው። ሪስቶር ሲደረግ ፕሮግራሙ በነባሩ ድርጅት ላይ ወይስ እንደ አዲስ ድርጅት ብሎ ይጠይቃል። ለሙከራ ሁልጊዜ አዲስ የሚለው ይመረጥ። ነባሩን የመረጠ ሰው ከባክአፑ ወዲህ የተመዘገበውን ሒሳብ በሙሉ በአሮጌው ይደመስሳል፤ ብዙ የደከመበት ሒሳብ የሚጠፋው በዚህች አንዲት ምርጫ ነው።

የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ዩኒኮድ (ለሁሉም ፊደላት የሚያገለግለው የጋራ ኮድ) ከመለመዱ በፊት በግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተተየበ ደብዳቤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ዝርዝር ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ነው የጠፋው። ኮምፒውተሩ ፎርማት ከመደረጉ በፊት የፎንት ፎልደሩን ከሰነዶቹ ጋር ኤክስተርናሉ ላይ ማስቀመጥ የግድ ነው።

ፋይል ከጠፋ በኋላ የመጀመሪያው ሕግ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አለመጻፍ ነው። “ፎርማት ይደረግ?” የሚለው ጥያቄ ሲመጣ እሺ አይባልም። የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ የሆነው ቼክዲስክም ኮፒ ሳይወሰድ አይሮጥም፤ የተጎዱ ፋይሎችን ቆራርጦ ስም የለሽ ቁርጥራጭ ሊያደርጋቸው ይችላል። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ቫይረስ ነው፣ ፋይሎቹም በአብዛኛው የተደበቁ እንጂ የጠፉ አይደሉም። ሾርትከቱ ሳይነካ ኮምፒውተሩ በቅድሚያ ይጸዳል፣ ከዚያ በአትሪብ ትእዛዝ የመደበቂያውና የሲስተም ምልክቱ ይነሳል።

ችግሩ ከዚህ የከበደ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለ ፕሮግራም የዲስኩ ጤና ይታያል። ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚለው ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለው፤ በቀጥታ ሪከቨሪ ከማሮጥ በፊት በሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው በተባለ የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም ወደ እኩል ወይም ወደሚበልጥ ዲስክ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል። ይህ ፕሮግራም የደረሰበትን በማፕ ፋይል ስለሚመዘግብ፣ መብራት ቢሄድ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። በቅጂው ላይ የጠፋ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) ቴስትዲስክ በተባለ ፕሮግራም ይፈለጋል። እሱ ካልሠራ ፎቶሬክ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ፋይሎቹን በይዘታቸው እየለየ ያወጣል፤ ነገር ግን ስማቸውና ፎልደራቸው አይመለስም፣ ዲስኩ ላይ ተበታትኖ የተጻፈ ትልቅ ቪዲዮም ተቆራርጦ ሊወጣ ይችላል። የተገኘው ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይጻፋል። ከኤስኤስዲ (የሚዞር አካል ከሌለው ዲስክ) ላይ የተሰረዘ ግን ትሪም (የተሰረዘውን ቦታ የሚያጸዳው ትእዛዝ) ከሠራበት አይመለስም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ሁሉንም ኮፒ በአንድ ቤት ማስቀመጥ በዚህች ከተማ የሚያዋጣ አይደለም። ሦስት ቅጂ፣ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው ልማድ እዚህም ይሠራል። ሦስተኛው ቅጂ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ አየሯም ቀዝቀዝ ባለችው ሐረር ዘመድ ቤት ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ዲስኩ በዊንዶውስ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር ይቆለፍ፤ ባለ 48 አኃዙ መክፈቻ ቁጥርም በወረቀት ተጽፎ ድሬዳዋ ይቅር። በየሦስት ወሩ ሲታደስ ጥቂት ፋይሎች ሐረር ባለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈቱ፣ ዲስኩም በመንገድ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተው።