ሞንቴሶሪ ምንድን ነው?

እህቴ ሰሞኑን ለሦስት ዓመት ልጇ ኬጂ ስታፈላልግ ነበር። ሐዋሳን ከፒያሳ እስከ ታቦር ተራራ ሥር በባጃጅ ዞረቻት። ማታ ደክሟት መጥታ «ሞንቴሶሪ የሚል ታፔላ በየቦታው አየሁ፤ የባለቤቱ ስም ነው እንዴ?» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም፤ የሰው ስም ነው። ዛሬ ግን ሰውየዋ የጀመረችው የማስተማሪያ ዘዴ መጠሪያ ሆኗል።

ማሪያ ሞንቴሶሪ ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች። መጀመሪያ የሠራችው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ነው። በእጃቸው እየነካኩ ሲማሩ ስታይ፣ ሌላውስ ልጅ ለምን እንዲህ አይማርም የሚል ጥያቄ አደረባት። እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» ከፈተች።

የዘዴዋ ቁልፍ ልጁ የሚማርበት ዕቃ ነው። አሥር ጉድጓድ ያለው ወፍራም እንጨት አስቡ። ለየጉድጓዱ ልኩ የሆነ፣ እጀታ ያለው ውታፍ አለው። ልጁ ቀጭኑን ሰፊው ውስጥ ከከተተ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ወፍራም ውታፍ መግቢያ አጥቶ እጁ ላይ ይቀራል። መምህሯ «ተሳስተሃል» አትለውም። እንጨቱ ነግሮታል። ያወጣል፣ ይሞክራል፣ ደግሞ ያወጣል። (እኛ ብንሆን «እንዲህ እኮ ነው!» ብለን እንነጥቀው ነበር።) ያቺን እጀታ በሦስት ጣት መያዙም ኋላ እርሳስ ለመያዝ ያለማምደዋል።

ፊደልም በጣት ነው። ከሻካራ ወረቀት ተቆርጦ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ልጁ ቅርጹን እየዳሰሰ ድምፁን ይላል። ለእኛ ፊደል ይሄ ግሩም ነው። «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ቦታ ነው። ዓይን የሚዘላትን ጣት ይይዛታል።

ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉት አንድ ክፍል ይውላሉ። ይሄ ለእኛ ብርቅ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤትም አንዱ ሀሁ፣ ሌላው ዳዊት ላይ ሆኖ፣ ትልቁ ትንሹን ያስቆጥር የለም? ልዩነቱ እዚያ ጆሮና ቃል፣ እዚህ እጅ መቅደሙ ነው። አለንጋም የለም።

«የእኔ ልጅ በዓይኗ፣ ያንተ በጆሮው ነው የሚማረው» የሚባል ነገርም አለ። ልጆችን እንዲህ ለይቶ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል ጥናቶች አላረጋገጡም። በሞንቴሶሪ ሁሉም ልጅ ያያል፣ ይሰማል፣ ይዳስሳል። የሚለያየው ፍጥነቱና በዚያ ቀን ልቡ የሄደበት ነገር ነው።

ስሙን ታፔላ ላይ ለመጻፍ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ እህቴን «ክፍሉን ገብተሽ እዪ» አልኳት። ዕቃው ልጅ በሚደርስበት ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ ነው? ልጆቹ የየራሳቸውን ይሠራሉ ወይስ አርባው በአንድ ድምፅ «ኤ ፎር አፕል» ይላሉ?

በማግስቱ ሄደች። አንደኛው ጋ ውታፎቹ አሉ። መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፈው። «ልጆቹ እንዳያበላሹት ነው» አሏት።