በወሎ የግል ነጋዴ በሥራ መሣሪያው ላይ የሚያገኘው የእርጅና ቅናሽ

የእርጅና ቅናሽ ነጋዴ ለሥራው የገዛው ማሽን ዋጋ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ እየተከፋፈለ ከትርፉ የሚቀነስበት የገቢ ግብር አሠራር ነው። ደሴ ላይ እንጨት ሥራ የከፈተ፣ ኮምቦልቻ ብየዳ የሚሠራ ወይም ሐይቅ ላይ ወፍጮ የተከለ ግለሰብ የሚገብረው ለክልሉ ገቢዎች ነው። የክልሉ ሕግ የተቀረጸው በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 979/2008 አምሳል በመሆኑ ስሌቱ ያው ነው።

አስቀድሞ ደረጃን ማየት ያስፈልጋል። ቅናሹ የሚሠራው የሒሳብ መዝገብ ይዞ በትርፉ ለሚገብር ሰው ነው። በፌዴራሉ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ዓመታዊ ገቢው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰብ ደረጃ «ሀ» ነው። ከዚያ በታች ያለው ደረጃ «ለ» ግብሩ የሚሰላው በጠቅላላ ሽያጩ ስለሆነ፣ ማሽን ቢገዛም ባይገዛም የሚከፍለው አይለወጥም።

ኮምፒውተርና ሶፍትዌር በቀጥተኛው ዘዴ (በየዓመቱ ከግዢው ዋጋ እኩል በሚቀነስበት) በዓመት 20 በመቶ፣ እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ (ከቀረው ዋጋ በሚሰላው) 25 በመቶ ይቀነስላቸዋል። ማሽን፣ መኪናና የቢሮ ዕቃ 15 ወይም 20 በመቶ ነው። ሕንፃ 5 በመቶ ብቻ፣ መሬት ምንም። አንዱን ዘዴ የመረጠ ነጋዴ በሒሳብ መግለጫውም ያንኑ መጠቀም አለበት።

አንድ አናጢ የእንጨት ማሽን በ300,000 ብር ገዛ እንበል። በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 45,000 ብር ይቀነስለታል፤ ስድስት ዓመት እንዲህ ሄዶ በሰባተኛው የቀረው 30,000 ያልቃል። በሌላው ዘዴ የመጀመሪያው ዓመት 60,000፣ ቀጣዩ 48,000 ይሆናል። የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ማሽኑ ጥር መባቻ ላይ ለሥራ ከተዘጋጀ የዚያ ዓመት ቅናሽ ግማሹ፣ 22,500 ያህል ነው። ገንዘቡ የሚቀነሰው ከትርፍ እንጂ ከግብሩ አይደለም፤ 35 በመቶ ለሚከፍል ሰው 45,000 ብር የሚያተርፍለት 15,750 ብር ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ደረሰኝ ላይ ነው። ሻጩ የ300,000 ብሩን ማሽን ደረሰኝ «በ120,000 ልቁረጥልህ» ሲል የተስማማ ገዢ ቅናሹንም የሚያገኘው በ120,000 ነው፤ የዛሬው ውለታ ለዓመታት ኪሳራ ይሆናል። ደረሰኙ የገዢውን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መያዝ አለበት፤ በወንድም ስም የተቆረጠ ወረቀት ኦዲት ላይ ይወድቃል። ከአዲስ አበባ ደሴ ድረስ የከፈሉት የጭነት ኪራይና የተከላ ወጪም ደረሰኝ ካለው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ይደመራል፤ ብዙዎች ይህን ይረሱታል። ተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ በ345,000 ብር ከገዛ ግን 45,000ው በታክሱ በኩል ስለሚካካስለት እርጅናው የሚሰላው በ300,000 ነው። ፒክአፕ ለቤትም ለሥራም ከዋለ የሚቀነሰው የሥራው ድርሻ ብቻ ነው።

ማሽኑ ሲሸጥ፣ ከመዝገብ ዋጋው (እርጅናው ተቀንሶ ከቀረው ዋጋ) በላይ የተገኘው ገቢ፣ ያነሰው ደግሞ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። የወደመ ንብረትም እንደዚያው ነው፤ ኪሳራው የሚቆጠረው በቀሪ የመዝገብ ዋጋው ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሱቅ ውስጥ የነበረ የግዢ ሰነድ ከዕቃው ጋር የሚጠፋበት አጋጣሚ ጥቂት አልነበረም፤ ስለዚህ ቅጂው ከሱቁ ውጭ መቀመጥ አለበት። ደረጃ «ሀ» የዓመቱን ገቢ ግብሩን የሚያስታውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነው።