ሄረድ ምንድን ነው? ኦስሎ የዋጠችው አከር

ኦስሎ ውስጥ ማዮርስቱዋ ላይ 1 ቁጥር ባቡር ተሳፍራችሁ ወደ ሆልመንኮለን ሽቅብ ብትወጡ፣ መጀመሪያ የምታገኟት ጣቢያ ፍሮየን ትባላለች። የዋልታ አሳሹ ፍሪትዮፍ ናንሰን፣ ኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው፣ በ1861 የተወለደው እዚህ አካባቢ፣ ስቶረ ፍሮየን በሚባል የእርሻ ቤት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሕይወት ታሪኩ ሲጻፍ ታዲያ «ክሪስቲያኒያ አጠገብ ተወለደ» ይባላል እንጂ «ክሪስቲያኒያ ተወለደ» አይባልም። ክሪስቲያኒያ የኦስሎ የድሮ ስሟ ነው፤ ፍሮየን ደግሞ ያኔ የከተማዋ አልነበረችም። የአከር ሄረድ መሬት ነበረች።

ሄረድ በኖርዌይ አስተዳደር የገጠር ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ ነገሩ ግራ ያጋባል፤ እኛ ዘንድ ማዘጋጃ ቤት ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ከተማ ነው። የኖርዌይ ፓርላማ በ1837 የአካባቢ ራስ አስተዳደርን ሲፈቅድ ግን ያወጣው ሁለት ሕግ ነው፤ አንዱ ለከተማው፣ አንዱ ለገጠሩ። ስለዚህ ገበሬውም የራሱን ምክር ቤት መረጠ፣ የራሱን ግብር ጣለ፣ ትምህርት ቤቱንና ድሆቹን ራሱ ማስተዳደር ያዘ። ለሁለቱም አንድ ሕግ የወጣው በ1954 ነው። ቃሉ ዛሬ «ሄራድ» ተብሎ እንደ ኡልቪክና ቮስ ባሉ ጥቂት የምዕራብ ኖርዌይ ቦታዎች መጠሪያ ላይ ቀርቷል።

የአከር ጉድ ደግሞ አቀማመጡ ነው። ከባሕሩ ወገን በቀር ከተማዋን ዙሪያዋን ይዟት ነበር። ስሙ በጥንቱ ቋንቋ «እርሻ» ማለት ሲሆን፣ የወጣለትም ከአንድ የጥንት እርሻ ነው። በዚያ እርሻ ላይ በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራችው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆማለች፤ ይቀደስባታልም።

የከተማዋ ወሰን ምን ያህል ይቆነጥጥ እንደነበር ለማየት ካምፐንና ቮለረንጋ ወደሚባሉት ሰፈሮች መሄድ ይበቃል። በ1624 እሳት አሮጌውን ከተማ ከበላ በኋላ ንጉሥ ክርስቲያን አራተኛ ከተማውን ወደ አከርስሁስ ምሽግ አስጠግቶ ሲቆረቁር፣ እንጨት እሳት ይጠራልና ቤት በጡብ እንዲሠራ አዘዘ። ድሃው ጡብ ከየት አባቱ ያምጣ? ከወሰኑ ወጣ ብሎ፣ ትእዛዙ በማይደርስበት በአከር መሬት ላይ፣ በሳንቃ መሥራት ጀመረ። ፋብሪካው ከተማ ውስጥ፣ የሠራተኛው ጎጆ ገጠር ውስጥ ሆነ። ከተማዋ በ1878 ወሰኗን ገፍታ እነዚህን ሰፈሮች ስትወስድ የጡቡ ሕግም አብሮ ገባ፤ የተሠራው ግን ተሠርቷል። በዓመቱ ካምፐን ላይ እሳት ተነስቶ ብዙ ቤት ጨረሰ። የተረፉት የሳንቃ ቤቶች ዛሬም ከባለ ብዙ ፎቁ ጡብ ጋር ጎን ለጎን ቆመዋል። ለእኔ ከማንኛውም ካርታ ይልቅ የድሮው ወሰን የሚታየው እዚያ ነው።

ከዚያ በፊት በ1859ም ከተማዋ አንድ ቁራሽ ወስዳለች፤ ያቺ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ሄደች። አከር ስሙን ካገኘበት ቦታ ጋር የተለያየው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ነገሩ ተገለበጠ፤ መውጣት የጀመረው ሀብታሙ ሆነ። በ1898 የሆልመንኮለን የኤሌክትሪክ ባቡር ሲከፈት፣ ከተማ ውለው ጥድ ውስጥ ማደር ተቻለ። ባለ ቪላው ግብሩን የሚከፍለው ለሚሠራበት ሳይሆን ለሚያድርበት ነው፤ የአከር ግብር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከከተማዋ ያነሰ ነበር። መንገዱን፣ ቴአትሩን፣ ቢሮውን የምታቀርበው ከተማ፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሄረድ። የከተማው ሹማምንት ጥርሳቸውን ቢያፋጩ አይፈረድባቸውም።

ከተማዋም ብትሆን ያለ አከር አንድ ቀን አታድርም ነበር። ከ1867 ጀምሮ የምትጠጣው ከማሪዳል ሐይቅ ነው፤ ሐይቁ ያኔ የአከር ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ቤት ሲጠፋ ኡለቮል ላይ መሬት ገዝታ፣ ባለ አትክልት ቤቶች ያሉት ሙሉ መንደር ለነዋሪዎቿ ሠርታለች፤ እሱም ከወሰኗ ውጭ ነበር። የሰው አጥር ውስጥ ቤት እንደመሥራት ነው።

መቀላቀሉ ለዓመታት ሲወራ፣ ሲከሸፍ፣ እንደገና ሲነሳ ቆይቶ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ቤት ጠፍቷል፤ ከተማዋ ውስጥ ደግሞ የሚሠራበት ባዶ መሬት የለም። ጥር 1 ቀን 1948 ሁለቱ አንድ ሆኑ። ኦስሎ 286 ሺህ ያህል ሰው ይዛ፣ አከር 131 ሺህ ያህል ይዞ ገባ። በሰው ቁጥር ከተማዋ እጥፍ ነበረች፤ በመሬት ግን ከ17 ካሬ ኪሎ ሜትር የማትበልጥ ከተማ በአንድ ሌሊት 450 አልፋ አደረች። ማን ማንን ዋጠ ቢባል፣ በካርታ ካየነው መልሱ ቀላል አይደለም።

መሬቱ ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። በፕላን ኃላፊው በኤሪክ ሮልፍሰን ዘመን ከከተማው ራቅ ያሉ፣ ሱቅና ትምህርት ቤታቸውን አብረው የያዙ የመኖሪያ መንደሮች ተነደፉ። የመጀመሪያው ላምበርትሴተር ነው፤ ግንባታው በ1951 ተጀመረ። በ1966 የምድር ባቡሩ ደረሰለት። ዛሬ ብዙ የእኛ ሰዎች የሚኖሩበት የግሩሩድ ሸለቆም የአከር እርሻ ነበር።

ሁሉም ግን ቤት አልሆነም። ከኦስሎ መሬት ሁለት ሦስተኛው ያህል ዛሬም ደን ነው፤ ከከተማዋ ጋር የተቀላቀለው ሄረዱ ከነደኑ ነበርና። ደኑን የሚጠብቅ የራሱ ሕግ በ2009 ወጥቶለታል።

ስሙ ዛሬ በየቦታው አለ፤ በአከር ሆስፒታል፣ በአከር ወንዝ። ጎብኚ ሁሉ የሚያውቀው ደግሞ ወደቡ ዳር ያለው፣ ምግብ ቤት የታጨቀበት አከር ብሪገ ነው። ይህኛው ስሙን ያገኘው ከአከር መርከብ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ1841 ወንዙ ዳር፣ አከር ውስጥ ተቋቁሞ በ1854 ወደ ከተማዋ ወደብ ወረደ፤ ስሙንም ይዞ ወረደ። ስሙ ከመሬቱ ወደ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ከተማ ገብቷል።