ለውሻ የራሱ ድስት፦ ስለ ቤት ምግብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቡቺ 20 ኪሎ የሚመዝን የሀበሻ ውሻ ነው። ለዓመታት የበላው ከውጭ የሚመጣ ደረቅ ምግብ ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ግን ያ ከረጢት የማይቀመስ ሆነብኝ። እኔም እንደ ብዙ ጓደኞቼ ወደ ድስት ዞርኩ።

ዛሬ በውሳኔዬ ደስተኛ ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰማሁት ምክር ግን ብዙ ነበር። ጎረቤት ይመክራል፣ ሥጋ ቆራጩ ይመክራል፣ ዘመድ ይመክራል። ሁሉም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። ከምክሮቹ መካከል ግን ውሻን አልጋ ላይ የሚያውሉ፣ አልፎም የሚገድሉ አሉ። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ አንስቻለሁ።

«ውሻ ድሮም ፍርፋሪ ነው የሚበላው»

ከእኛ ማዕድ የተረፈው ይበቃዋል የሚለው ሐሳብ በየቤቱ አለ። ችግሩ ወጡ ላይ ነው። የእኛ ወጥ የሚጀምረው ከሽንኩርት ነው። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚፈጅ ያውቃል። ቁሌቱ ሲበስል ሽንኩርቱ ሟሙቶ ላይታይ ይችላል፤ ግን እዚያው አለ።

ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት እና ባሮ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ቢቀቀሉም፣ ቢጠበሱም፣ ደርቀው ቢፈጩም መርዝነታቸው አይጠፋም። አንድ ውሻ በአንድ ጊዜ ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ ሽንኩርት ከበላ ይመረዛል። ለቡቺ ይህ 100 ግራም ነው፤ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መስጠትም ይጎዳል።

ክፋቱ ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ መራመድ ይደክመዋል። ያኔ ባለፈው እሑድ የበላው ወጥ ለማንም ትዝ አይለውም።

ወጥ ያልነካው እንጀራ በመጠኑ ቢሰጠው ችግር የለውም። ለውሻ ማብሰል ስል ግን የምለው የራሱን ድስት መጣድ ነው። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ጨው እና ቅመም የማይገባበት ድስት።

«ነጭ ሽንኩርት ትል ያጠፋለታል»

አያጠፋለትም። ከላይ እንዳልኩት ደሙን ነው የሚጎዳው። ትል ካለበት የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ልክ የሚያዝለት መድኃኒት አለ።

«ሥጋ ከበላ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የሚያሳዝነኝ ጉዳይ ነውና።

የማውቀው አንድ ሰው የጀርመን ዝርያ ቡችላ ገዛ። ቡችላውን ይወደው ነበር። ከልኳንዳ በየቀኑ ቀይ ሥጋ፣ ሳንባና ልብ ያመጣለታል። ሌላ ነገር አይሰጠውም። ቡችላው አራት ወር ሲሞላው መቆም አቃተው። ሐኪሙ ራጅ ሲያነሳው አጥንቱ ሳስቶ፣ አንዱ እግሩ ከሶፋ በመውረድ ብቻ ተሰብሮ ተገኘ። ያ ሰው ለቡችላው ገንዘብም ጊዜም አልሰሰተም። የጎደለው ካልሲየም ነበር።

ሥጋ ውስጥ ፎስፈረስ ብዙ ነው፤ ካልሲየም ግን በጣም ጥቂት ነው። ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይበልጣል። ውሻ ደግሞ የሚፈልገው ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ ጋር እኩል እንዲሆንለት ነው። ከምግቡ ሲያጣ ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ እየቀነሰ ደሙን ያሟላል። ትልቅ ውሻ ላይ ጉዳቱ ሳይታይ ወራት ያልፋሉ። አጥንቱ እያደገ ያለ ቡችላ ግን ጊዜ የለውም።

ቤት ውስጥ ያለው ቀላል መፍትሔ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን አጥቦ መቀቀል፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ እንደ ዱቄት እስኪልም ወቅጦ መንፋት። አንድ የሻይ ማንኪያ የቅርፊት ዱቄት 2,000 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይይዛል። ለቡቺ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ይበቃዋል። «ወተት እሰጠዋለሁ» የሚሉም አሉ። ይህን ያህል ካልሲየም ለማግኘት ከአንድ ሊትር በላይ ወተት ያስፈልጋል። አብዛኛው አዋቂ ውሻ ደግሞ የወተትን ስኳር በደንብ ስለማይፈጭ ያስቀምጠዋል።

ቡችላ ያላችሁ ግን በግምት አትሂዱ። የቡችላ መጠን የተለየ ነው፤ ሲበዛም ይጎዳል። ያለ ሐኪም ምክር ቡችላን ወደ ቤት ምግብ ባታዞሩ ደስ ይለኛል።

«አጥንት ይበላ የለ፣ ካልሲየሙን ከዚያ ያገኛል»

የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ይሰነጠቃል። ስንጣሪው ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፣ አንጀት ይበሳል። ድምቢጥ የምታህል የዶሮ አጥንትም ብትሆን ያው ናት። ብዙ አጥንት የበላ ውሻ ደግሞ እንደ ኖራ የደረቀ ዓይነ ምድር ይይዘውና ሲያምጥ ያድራል። ጠንካራ ቅልጥም ጥርስ ይሰብራል። እኔ የቅርፊቱን ዱቄት የመረጥኩት ለዚህ ነው።

«ፀሐይ ይሞቃል፣ ቫይታሚን አይቸግረውም»

ይህን ስሰማ ለራሴም እውነት መስሎኝ ነበር። ፀሐይ ያልጎደለበት አገር ነው ያለነው። የውሻ ቆዳ ግን እንደ ሰው ቆዳ ከፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ አይሠራም። ከምግቡ ማግኘት አለበት፦ ከእንቁላል አስኳል፣ ከዓሣ፣ ከጉበት። ጉበትም ልክ አለው። ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ከጠቅላላ ምግቡ 5 በመቶ ገደማ ላይ ማቆም ጥሩ ነው። በቫይታሚን ሲ ግን አትጨነቁ፤ ውሻ በገዛ ጉበቱ ይሠራዋል።

«እያቀያየርኩ ከሰጠሁት በሳምንት ውስጥ ይመጣጠናል» የሚልም አለ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. 200 የቤት ምግብ አዘገጃጀቶችን መረመሩ። ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት የተሰበሰቡ ነበሩ። 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ይጎድላቸዋል። ብዙዎቹ የጎደላቸው ያው ተመሳሳይ ነገር ስለነበር እያቀያየሩ መስጠትም ጉድለቱን አይሞላውም። ዚንክ፣ መዳብ፣ ቫይታሚን ዲ እና ቫይታሚን ኢ በሥጋና ሩዝ ብቻ አይሟሉም። ስለዚህ ቡቺ ድስት ላይ ሐኪም ያዘዘለት የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ይነሰነሳል። የሰው ኪኒን ግን አይሆንም፤ መጠኑም ይዘቱም የተለየ ነው።

«ውሻ የተኩላ ዘር ነው፤ ሩዝ አይስማማውም»

ዘሩስ ነው። ግን ከሰው ጋር ሺህ ዓመታት ሲኖር ሆዱም ከእኛ ጋር ተለውጧል። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህን በዘረመል አሳይቷል። በእህልና በድንች ውስጥ ያለውን ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን በተኩላ ላይ 2 ቅጂ ብቻ ነው ያለው። በውሾቹ ላይ ከ4 እስከ 30 ተገኘ። በደንብ የበሰለ ሩዝ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ ይስማማዋል።

ያልበሰለ ሊጥ ግን ፈጽሞ አታስቀርቡት። እርሾው ሆዱ ውስጥ መኩፋቱን ይቀጥላል፤ አልኮልም ይፈጥራል። የጠላ አተላም እንዲሁ አልኮል አለበት።

«ጥሬ ሥጋ ውሻን ያሳብዳል»

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ቫይረሱ በዋናነት በበሽታው በተያዘ እንስሳ ንክሻ ይተላለፋል። የሚከላከለው ክትባት ነው። ጥሬ ሥጋ የበላ ውሻ በመብላቱ ብቻ አያብድም፣ ክፉም አይሆንም።

ግን ይህ ተረት ትክክለኛውን አደጋ ሸፍኖብናል ብዬ አምናለሁ። በዓል ሲመጣ ግቢ ውስጥ በግ ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ኳስ የመሰለ ነገር ይታያል። «ይሄ አይበላም» ይባልና ለውሻ ይወረወራል። ያ ቋጠሮ የትል እጭ ነው። ውሻው ሲውጠው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ውሻው ምንም የታመመ አይመስልም። ከሳምንታት በኋላ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር የትሉ እንቁላል ይወጣል። እንቁላሉ በፀጉሩ፣ በአፈሩ፣ በልጆች እጅ፣ ባልታጠበ አትክልት በኩል ወደ ሰው ይገባል። ሰው ላይ ደግሞ ያው ቋጠሮ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው።

እባካችሁ ቋጠሮ ያለበትን ሥጋ ለውሻ አትስጡ፣ ከአጥር ውጭም አትጣሉ። ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር። ንጹሕ የሚመስለውን ሳንባና ጉበትም ቢሆን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በፈላ ውሃ ቀቅሉት። ለትሉ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ። በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

«ሰው ሳይጠግብ ለውሻ ይበሰላል?»

ጥያቄው ከባድ ነው፤ አቅልዬ አላልፈውም። ለቡቺ የምገዛው ግን ጭቅና አይደለም። ልብ፣ ሳንባ፣ ቁርጥራጭ ሥጋ ነው። ሥጋ ቆራጩ ለይቶ ያስቀምጥልኛል። ሩዙም የተሰባበረው፣ ርካሹ ነው።

«ያንኑ ሳህን ሞልቶ መስጠት ነው»

ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ነው። የበሰለ ምግብ ውስጥ 70 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በመጠን ሲታይ የበሰለው በጣም ይበዛል። ቡቺ በቀን 300 ግራም ያህል ደረቅ ምግብ ይበላ ነበር። አሁን 250 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ፣ 300 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ አንድ ጭብጥ ካሮትና ዱባ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበላል። ይህ 1,050 ካሎሪ ገደማ ነው። ለተኮላሸ 20 ኪሎ ውሻ የሚመጥን ነው። ውሻችሁ ከዚህ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ መጠኑም ይለወጣል። በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። ጎኑን ስትዳስሱ የጎድን አጥንቱ በእጃችሁ መታወቅ አለበት፤ ከሩቅ መቆጠር ግን የለበትም።

«ውኃ መጠጣት ቀነሰ» ብሎ የደነገጠ ጓደኛ አለኝ። የሚጠበቅ ነው፤ ውሃውን ከምግቡ እያገኘ ነው። የሚያሳስበው በድንገት አብዝቶ መጠጣት ሲጀምር ነው።

ለውጡንም በአንድ ቀን አታድርጉት። ከ7 እስከ 10 ቀን ስጡት። መጀመሪያ ሩቡ የበሰለ፣ ሦስት ሩቡ የለመደው። ከዚያ እኩል በእኩል። ከዚያ ሦስት ሩቡ የበሰለ። ካስቀመጠው አንድ እርምጃ ተመለሱና ቆዩ። ደም የቀላቀለ ወይም ከሁለት ቀን ያለፈ ተቅማጥ ሐኪም ይየው።

«በዓል ነው፣ እሱም ጮማ ይቅመስ»

የሰባ ምግብ በአንዴ ሲገባ ቆሽቱ ይቆጣል። በዓል ማግስት የሚያስታውክ፣ ሆዱን አሞት ጎብጦ የሚቆም ውሻ ካያችሁ ቶሎ ውሰዱት። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ የቡና አተላ፣ ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካ ሁሉም መርዝ ናቸው። በተለይ ማስቲካውን ከልጆች ቦርሳ አርቁት።

«በጾም ሽሮ ይበቃዋል»

የጾም ወቅት ለውሻ ባለቤት ይከብዳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። አብዛኛው ልኳንዳ ይዘጋል፤ ብዙ ቤትም ሥጋ የነካ ዕቃ ወደ ማድ ቤት አይገባም። ሽሮ ወጥ ግን ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም በርበሬም አለበት። ከሽሮ ይልቅ ያለ ምንም ቅመም የተቀቀለ ምስር ይሻላል፤ ብቻውን ግን ሥጋን አይተካም።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከቅበላ በፊት ሥጋውን ቀቅዬ በቀን በቀን ከፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። የሙስሊም ልኳንዳዎችም ክፍት ናቸው። ሲያልቅብኝ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ዘይቱ የተደፋለት ሰርዲን እሰጠዋለሁ። እናቴ ስለምትጾም የቡቺ ድስት፣ ማማሰያና ሳህን ለብቻቸው ናቸው። የሚበስለውም ግቢ ውስጥ፣ ከሰል ምድጃ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ደስ አላላትም ነበር። አሁን ግን ድስቱ ሲፈላ ክዳኑን የምትከፍትለት እሷው ናት።