«ሦስተኛ ዲቪዚዮን» ምንድን ነው?

«ልጁ በሩጫ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቶ አሜሪካ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ኮሌጅ ገብቷል፤ ቡድኑ ከበረታ ወደ ሁለተኛ ያድጋል።» ይህን ያሉት አስተያየት ሰጪ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል። ስኮላርሺፑም የለም፣ ማደጉም የለም።

ማደግና መውረድ የእኛ የእግር ኳስ ቋንቋ ነው፤ ከፕሪሚየር ሊጉ የወረደ ከፍተኛ ሊግ ይገባል። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ እ.ኤ.አ. በ1973 አባላቱን በሦስት ዲቪዚዮን ሲከፍል ግን መለያው የጨዋታ ውጤት አልነበረም፤ ኮሌጁ ለስፖርት ሊያወጣ የፈቀደው ገንዘብና ሊገዛበት የመረጠው ደንብ ነው። ሦስተኛውን እንደ ጾም ምግብ ቤት ቁጠሩት። ሥጋ የማይሸጠው አጥቶ ሳይሆን ላለመሸጥ ወስኖ ነው። ሥጋው የስፖርት ስኮላርሺፕ ነው። ስመ ጥሩው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ እዚሁ ዲቪዚዮን ውስጥ አለ። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ በ1935 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል (የአሜሪካ እግር ኳስ) ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው ጄይ በርዋንገር የዚያ ተጫዋች ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው በገዛ ፈቃዱ የፉትቦል ቡድኑን ዘጋ፣ በ1969 በአነስተኛ ደረጃ መልሶ አቋቋመው። ማን አወረደው?

«አንድ አሰልጣኝ ሦስት ስፖርት የሚይዘው ሰው ስለጠፋ ነው» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ደንቡ ውስጥ አለ። ከ1,000 በላይ ተማሪ ያለው፣ ወንድና ሴት የሚያስተምር ኮሌጅ ቢያንስ 6 የወንድና 6 የሴት ስፖርት ሊኖረው ይገባል፤ 1,000ና ከዚያ በታች ከሆነ 5 እና 5። እንግዲህ የጾም ቤቱ በያይነቱ ማቅረብ ግዴታው ሆነ፣ ያውም 12 ዓይነት። ወጥ ቤቷ ግን አንድ ናት። ከአንዱ ምስር ቀይ ወጥ፣ አልጫና አዚፋ ታወጣለች። አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥ አትሌቲክስና ከቤት ውጭ በሜዳ የሚደረገው አትሌቲክስ ሦስት ተብለው ይቆጠራሉ፣ በወንድና በሴት ስድስት። አንድ የሩጫ አሰልጣኝ ብቻውን ከ12ቱ ግማሹን ሞላ ማለት ነው። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ፦ ወጥ ቤቷ ማታ ምድጃዋን ታጠፋለች። የአሰልጣኙ ግን በነሐሴ መጨረሻ ተለኩሶ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይነዳል፣ ክረምቱ ደግሞ ለምልመላ ነው።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። በአገር አቋራጭ 7 ይሮጣሉ፣ ቀድመው የገቡት 5 ሯጮች ደረጃ ይደመራል፣ ትንሹ ድምር ያሸንፋል፤ ከ15 የተሻለ ውጤት የለም። 6 ሯጭ ብቻ ያለው ኮሌጅ ሁለቱ ከታመሙበት ቀሪዎቹ አራት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ቢወጡም በቡድን ውጤት የለውም። ሜዳ ላይ ሲደርስ ደግሞ ያው የረጅም ርቀት ሰው መዶሻ ወርዋሪዎችን ይረከባል። (የወንዶቹ መዶሻ 7.26 ኪሎ ነው። መከለያ መረብ ከሌለ አይወረወርም፤ «ለዛሬ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።)

«አሰልጣኙ ጎበዝ ቢሆን ትልቅ ቦታ ይሄድ ነበር» ለሚሉ ደግሞ፦ የፉትቦል አሰልጣኙ ጆን ጋግሊያርዲ ሚኒሶታ በሚገኘው የሦስተኛ ዲቪዚዮን ኮሌጅ በሴንት ጆንስ ከ1953 እስከ 2012 ቆየ። በሥራ ዘመኑ 489 ጨዋታ አሸንፏል፤ በኮሌጅ ፉትቦል ያን ያህል ያሸነፈ አሰልጣኝ የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የበረዶ ሆኪውንም ያሠለጥን ነበር።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የሦስተኛ ዲቪዚዮን አሰልጣኝ ለሩጫ ብሎ አንድ ዶላር መስጠት አይችልም። የሚችለው የልጁን የ11ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ለቅበላ ክፍሉ አሳይቶ «ይህ ልጅ ተስፋ አለው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይህ በክረምት ያልቃል። ድጋፉ የሚሰላው በቤተሰብ ገቢና በትምህርት ውጤት ነው። ፋፍሳ የተባለው የመንግሥት ቅጽ ለዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸውና ለጥቂት ሌሎች ነው፤ ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ልጅ ኮሌጁ ራሱ ለውጭ ተማሪ ስንት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይጠይቅ። ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ የኮሌጁ ኮፍያ ተደርጎ፣ ልጁ «እዚህ እገባለሁ» ብሎ የሚፈርምባት ወረቀትም የፎቶ ናት። ልጁንም ኮሌጁንም አታስርም።