የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፦ የምርት አሠራር፣ የጥራት ቁጥጥርና የአቅርቦት ዕቅድ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሲዳማ ክልል ዋና ከተማ በሐዋሳ የሚገኝ፣ የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ፋብሪካዎች የተሰባሰቡበት የምርት ማዕከል ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለ ፓርኩ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የውጭ ምንዛሪው ወይም ደመወዙ ነው። ውስጥ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ግን በአማርኛ ተጽፎ ማግኘት ይከብዳል። ይህ ዳሰሳ ወደዚያ ያደላል።

ሐዋሳ ለፋብሪካ አዲስ አልነበረችም፤ የቀድሞው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ታቦር ሴራሚክና ኢታብ ሳሙና ፓርኩን ይቀድማሉ።

የፓርኩ ግንባታ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። ሥራው የተሰጠው ለቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሲኢሲሲ ሲሆን ዋናው ክፍል በ9 ወር ገደማ አለቀ። በአገራችን የግንባታ ልማድ ይህ ፍጥነት የሚያስደንቅ ነው። ወጪው 250 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ተመረቀ። መጀመሪያ 37 የነበሩት ሸዶች፣ ማለትም የፋብሪካ አዳራሾች፣ ኋላ 52 ደርሰዋል። ባለቤቱ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው።

ከሁሉ የሚያኮራው የፍሳሽ ማጣሪያው ነው። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የገባበት ኬሚካል እዚያው ይጠራቀማል፤ ቆሮሶውና አምባዛው ጋ ይደርሳል፣ ከዚያም አሞራ ገደል ዓሣ የሚበላው ሰው ጋ። ስለዚህ ፓርኩ ሲነደፍ ፈሳሽ ቆሻሻ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ታስቦ ነው። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በአንድ ጣቢያ ይጣራል፣ አብዛኛው ውሃ ተመልሶ ለሥራ ይውላል፣ ጨዉ ደርቆ ለብቻው ይቀራል። ቴክኖሎጂውን ያስገባው የህንዱ አርቪንድ ኤንቪሶል ነው።

መጀመሪያ የመጣው ትልቅ ስም የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ነበር። እሱን ተከትለው የሆንግ ኮንጎቹ ኤፒክና ታል፣ የስሪላንካው ሂርዳራማኒ፣ ሙሉ ልብስ የሚሰፋው የህንዱ ሬይመንድ እህት ኩባንያ ሲልቨር ስፓርክ፣ ጨርቅ የሚያመርተው የቻይናው ጄፒ ቴክስታይል ገቡ። ሠራተኞቹ በብዛት ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሲቀጠሩ የጣት ቅልጥፍናቸው ተፈትኖ በደረጃ ይመደቡ ነበር።

ስፌት ቤት ያየ ሰው አንድ ልብስ ሰፊ አንድ ሸሚዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠራ ያውቃል። እዚህ እንዲያ አይደለም። ሥራው በላይን፣ ማለትም በተርታ በተደረደሩ ማሽኖች፣ የተከፋፈለ ነው። አንዷ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ ሦስተኛዋ አዝራር ትተክላለች። ለእያንዳንዱ ሥራ የሚፈጀው ጊዜ በሰከንድ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። በየሰዓቱ ታርጌቱ፣ ማለትም እንዲሠራ የታቀደው፣ እና የተሠራው ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። እጅጌ መግጠሙ ከዘገየ ከኋላዋ ባንድል (የታሰረ የጨርቅ ቁራጭ) ይከመራል፣ ከፊቷ ያሉት ሥራ ይፈታሉ። ጥሩ ሱፐርቫይዘር ክምሩን አይቶ ሰው ያዛውራል እንጂ አይጮህም። የጃፓኑ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የካይዘን አምስቱ ማዎችም፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ እንዲህ ባለ ቦታ ነው ትርጉማቸው የሚታየው። መቀስና ክር ለመፈለግ የሚጠፋው ደቂቃ በሰሌዳው ላይ ይታያልና።

ጥራት የሚጀምረው ከመስፋቱ በፊት ነው። ጨርቁ በማሽን ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ ለእያንዳንዱ እንከን እንደ ርዝመቱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይያዝበታል። በ100 ካሬ ያርድ 40 ነጥብ ያለፈ ጥቅል በተለመደው አሠራር ተቀባይነት የለውም። ቀለሙም ይነጻጸራል። ከሁለት ጥቅል የተቆረጠ ጨርቅ ከተቀላቀለ የሸሚዙ እጅጌ ከአካሉ ይለያል። ለዚህ ነው ከመቁረጫ በሚወጣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥር የሚለጠፈው።

የመርፌው ደንብ ጥብቅ ነው። መርፌ ሲሰበር ኦፕሬተሯ ማሽኗን ታቆማለች። ስብርባሪው በሙሉ ተለቅሞ መዝገብ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ቁራጭ ከጎደለች በአካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ በብረት መፈተሻ ያልፋል። ልብሱን የሚለብሰው ሕፃን ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ፈተና የናሙና ምርመራ ነው። 3,000 ሸሚዝ ቢቀርብ መርማሪው 125 ያወጣል። ብዙ ገዢዎች በሚጠቀሙበት 2.5 በሚባለው የጥራት መቀበያ ደረጃ ከ125ቱ 7 እንከን ያለባቸው ቢገኙ ጭነቱ ያልፋል፣ 8 ከሆኑ ግን 3,000ው በሙሉ ይመለሳል። በአንድ ሸሚዝ ልዩነት የሳምንት ልፋት ይወድቃል ማለት ነው። ይህን ያየች ሠራተኛ ክር መቁረጥን አቅልላ አታይም።

የአቅርቦት ዕቅድ ከዚህም ይከብዳል። ጨርቁ፣ አዝራሩ፣ ዚፑና ሌብሉ (ልብሱ ላይ የሚሰፋው መለያ) በብዛት ከእስያ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር አዳማንና ሞጆን ይነካል እንጂ ሐዋሳ አይደርስም፤ የመጨረሻው መንገድ በከባድ መኪና ነው። ስለዚህ ዕቅድ የሚሠራው ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። መርከቡ የሚነሳበት ቀን ይያዛል፣ ከዚያ የማሸጊያው፣ የስፌቱ፣ የቆረጣው፣ የጨርቅ መግቢያው ቀን ይወጣል። ጨርቁ ገብቶ አዝራሩ ጉምሩክ ቢዘገይ ላይኑ ይቆማል። የዘገየው ጭነት በአውሮፕላን ከተላከ ትርፉ በኪራይ ያልቃል። ጄፒን የመሰለ ጨርቅ አምራች እዚያው ግቢ ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው የምንለው ለዚህ ነው።

በደመወዙ ላይ ክርክር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፎ ብዙ አነጋግሯል። አሠሪዎች ምግብና ትራንስፖርት ሲታከል ከዚያ ይበልጣል ይላሉ። የቤት ኪራዩ ግን አያከራክርም፤ ልጆቹ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ሲከራዩ ከተማው ሁሉ ያያል።

ትልቁ ፈተና አጎዋ ነበር። ይህ በ1992 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ ሕግ ልብሳችን ያለ ቀረጥ እንዲገባ ያደርግ ነበር። ያለ እሱ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ጨርቅ ሹራብ ሸሚዝ 32 በመቶ መደበኛ ቀረጥ ይከፈልበታል። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከሕጉ ወጣች። የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት የደረሱ የመብት ጥሰቶችን ምክንያት አድርጓል፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን ማሽን ላይ የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ፒቪኤች ገና ውሳኔው ሳይጸና፣ በኅዳር 2014፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ትእዛዝ የሚያዘው ከወራት በፊት ስለሆነ ሌሎቹም ዕቅዳቸውን አፍርሰው እንደ አዲስ መሥራት ነበረባቸው።

የአውሮፓ በር ግን አልተዘጋም። የአውሮፓ ኅብረት በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች የሰጠው ነፃ ገበያ፣ ጨርቁ ከሌላ አገር ቢመጣም እዚህ የተሰፋውን ልብስ ያለ ቀረጥ ይቀበላል። ገዢ መቀየር ታዲያ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ገዢ የራሱ የጥራት መመሪያ፣ የራሱ መጠንና የራሱ ፍተሻ ስላለው፣ ከአዲስ ገዢ ጋር የመጀመሪያው ናሙና ከተሰፋበት እስከ መጀመሪያው ጭነት ድረስ ወራት ይፈጃል።