የሕክምና ሥነ ምግባርና ሕግ በኢትዮጵያ

የሕክምና ሥነ ምግባርን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ሕግ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። ከፊሉ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ከፊሉ በወንጀል ሕጉ፣ ቀሪው በጤና ነክ አዋጆችና ደንቦች ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው። ዛሬም ከሚሠራባቸው ቀደም የሚለው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራም ሆነ ኦፕራሲዮን አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ለሕዝብ ጤና ሲባል በሕግ የሚታዘዝ ክትባትና የመሳሰለው ግን በዚህ አይነካም፤ ሕፃንን ወይም የአእምሮ ሕመምተኛን የማሳከም ሥልጣንም የአሳዳሪው ነው። ይህ ሁሉ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ገና ሳይከፈት መጻፉ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ሕጉ የሚያውቀው በሽተኛውን ነው። ዋርድ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ቤተሰብ ነው። የካንሰር ውጤት ሲመጣ ታላቅ ልጅ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይጠብቅና «ዶክተር፣ አደራ ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ፤ ከሰማች አትተርፍም» ይላል። የኦፕራሲዮን ስምምነት ቅጽ ሲቀርብም እናትየው አእምሮዋ ሙሉ ሆኖ ሳለ ልጇ ወይም ባለቤቷ ሲፈርምላት ይታያል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299 ግን፣ ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ ታካሚው ተረድቶ ሳይስማማ ሕክምና እንዳይሰጠው ደንግጓል። የልጁ ጭንቀት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ቢሆንም እናቱን ከገዛ ጉዳይዋ ሊያስወጣት አይገባም። የምትናዘዘው ንብረት፣ የምትከፍለው ዕዳ፣ ለንስሐ አባቷ የምትነግረው ነገር ይኖራታል። አስተዋይ ሐኪም ከምርመራው በፊት «ውጤቱን ለማን እንድነግርልዎ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃታል። «ለልጄ» ካለች መብቷን ተጠቀመችበት እንጂ አልተነጠቀችም። ሳያስፈቅድ ምስጢሯን ለሌላ የሚያወጣ ባለሙያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ሊጠየቅ ይችላል።

ሕግ ሥነ ምግባርን በጉልህ የለወጠበት ጉዳይ ጽንስ ማቋረጥ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሚፈቅደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ከባድ አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነበር። ብዙ ሴቶች በድብቅ፣ ባልሠለጠነ እጅ እያስወረዱ ይሞቱ ስለነበር የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞችና ሴት የሕግ ባለሙያዎች ለውጥ ጠየቁ፤ ከሃይማኖት ወገን ደግሞ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን በመርህ ደረጃ ወንጀል አድርጎ አቆየው፤ ሆኖም በአንቀጽ 551 መውጫ አበጀ። ጽንሱ በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ የመጣ ከሆነ፣ ለእናት ሕይወት ወይም ጤና የሚያሰጋ ከሆነ፣ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት፣ ወይም እናቲቱ በዕድሜዋ ማነስ አለዚያም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ልጅ ለማሳደግ ካልተዘጋጀች፣ በታወቀ የጤና ተቋም የሚደረግ ማቋረጥ አያስቀጣም። አንቀጽ 552 ደግሞ መደፈሯን ለማረጋገጥ የሴቲቱ ቃል ብቻ እንደሚበቃ ይናገራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተደፈረች ልጅ የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ሳምንታት አይቆጠሩባትም፤ ሐኪሙም መርማሪ ከመሆን ይድናል።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 19 አዲስ ትርጉም አገኘ። አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ቃሉን ማጠፍ ይችላል፤ በቃሉ ተማምኖ ወጪ ያወጣው ተቀባይ መጠየቅ የሚችለው ያንን ወጪ ብቻ ነው። ወንድሙን ለማዳን ዘመድ አዝማድ ያስጨነቀው ለጋሽ በመጨረሻው ሰዓት እንኳ «አልችልም» ቢል የሚያስገድደው ሕግ የለም። ሐኪሙም ለጋሹን ዘመድ በሌለበት ለብቻው አነጋግሮ ልቡን መስማት ይኖርበታል።

አንዳንዱ ነገር በአጭሩ የተዘጋ ነው፤ በበሽተኛው ልመናም ቢሆን ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት ያስቀጣል። በብርቱ ችግር ላይ ያለን ሰው ያለበቂ ምክንያት አላክምም ያለ ሐኪም ወይም ነርስም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 537 ይጠየቃል። በሌላ በኩል ሙያው በሚፈቅደው መንገድ ሠርቶ ታካሚው የሞተበት ሐኪም፣ ከባድ የሙያ ጥፋት እስካልፈጸመ ድረስ፣ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 69 ከቅጣት ይጠበቃል። ስለዚህ አቤቱታ ሲቀርብ ዋናው ጥያቄ ሙያው ምን ያዝዝ ነበር የሚለው ይሆናል። ያንን ዳኛ ብቻውን ሊመልሰው ስለማይችል የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ የታካሚውን ካርድ ከገጽ እስከ ገጽ አይቶ አስተያየቱን ይሰጣል።